አንድ ሰዓት ለማዘዋወር፦ ኮምፒውተሮች ለሰዓት ለውጥ የተዘጋጁበት ታሪክ

ጆርጅ ሀድሰን በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲወጣ ነፍሳት እየሰበሰበ ያጠናል፤ ለዚህም የቀን ብርሃን ያስፈልገዋል። በ1895 ለከተማዋ የፍልስፍና ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ፣ በበጋ ወራት ሰዓት ሁሉ በሁለት ሰዓት ወደ ፊት ቢገፋ ሠራተኛው ከሥራ በኋላ ያልጨለመ ምሽት ያገኛል ሲል ተከራከረ። በ1907 ደግሞ ዊልያም ዊሌት የተባለ እንግሊዛዊ ቤት ገንቢ ተመሳሳይ ሐሳብ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ አሠራጨ። የብሪታንያ ፓርላማ ሐሳቡን ደጋግሞ ጣለው፤ ዊሌትም በ1915 ሕግ ሆኖ ሳያየው አረፈ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀኑና የሌሊቱ ሰዓት ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር ነው፤ «በጋ» እና «ክረምት» የሚባሉት ግን የየሀገሩ ሞቃትና ቀዝቃዛ ወራት እንጂ የሀገራችን ወቅቶች አይደሉም።)

ሐሳቡን ሕግ ያደረገው ጦርነት ነው። ጀርመንና ኦስትሮ-ሀንጋሪ የድንጋይ ከሰል ለመቆጠብ ሲሉ ኤፕሪል 30 ቀን 1916 ሌሊት ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፉ። ብሪታንያ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተከተለች። አሜሪካም ማርች 31 ቀን 1918 ተቀላቀለች።

ለውጡ የሰሜኑና የደቡቡ ሀገሮች ጉዳይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ለንደን ላይ በረጅሙ የበጋ ቀንና በአጭሩ የክረምት ቀን መካከል ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ የብርሃን ልዩነት አለ። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው አዲስ አበባ ግን ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል 12 ሰዓት ላይ ወጥታ 12 ሰዓት ላይ በምትጠልቅበት ሀገር ሰዓት በመግፋት የሚተርፍ ብርሃን የለም። ኢትዮጵያም ሰዓቷን አትለውጥም።

በዚያ ዘመን ዝግጅት የሚባለው ነገር ቀላል ነበር። ጋዜጣ ያስታውሳል፣ ባለቤቱ ከመተኛቱ በፊት የግድግዳ ሰዓቱን መርፌ በጣቱ ይገፋል። የሚዛወረው ሰዓት ሁሉ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚያዛውረው ነበር።

ቀላል ያልሆነው ሕጉ ነው። አሜሪካ በ1919 ለውጡን በሀገር አቀፍ ደረጃ ሻረች፤ ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ስረዛውን ቢቃወሙም ኮንግረስ አሸነፈ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ከፌብሩዋሪ 1942 እስከ ሴፕቴምበር 1945፣ የሀገሩ ሰዓት ሳይመለስ ወደ ፊት ተገፍቶ ቆየ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ያህል እያንዳንዱ ከተማ እንዳሻው ሆነ። ከኦሃዮዋ ስቱበንቪል እስከ ዌስት ቨርጂኒያዋ ማውንድስቪል 35 ማይል በአውቶቡስ የሚሄድ መንገደኛ በየደረሰበት ትክክለኛ ሰዓት ልያዝ ቢል ሰባት ጊዜ ሰዓቱን መለወጥ ነበረበት። ይህ ትርምስ የ1966ቱን ሕግ ወለደ። ለውጡ በኤፕሪል መጨረሻ እሑድ እንዲጀምርና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ እንዲያበቃ ተደነገገ። ክፍለ ግዛቶች ጨርሶ ላለመቀላቀል መብት ነበራቸው፤ ሃዋይና አብዛኛው አሪዞና እስከ ዛሬ አይቀላቀሉም።

ከዚህ ሕግ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው ሰዓት የሚቆጥረው ኮምፒውተር ወደ ታሪኩ የገባው።

በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የተሠራው ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጊዜን የሚይዝበት መንገድ እስከ ዛሬ ይሠራል። ማሽኑ በውስጡ ቀንም ወርም አያውቅም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪንዊች ሰዓት፣ ጀምሮ ስንት ሴኮንድ እንዳለፈ ብቻ ይቆጥራል። ይህ ቆጠራ የትም ሀገር አንድ ነው፤ ለሰዓት ለውጥም አይነቃነቅም። የአካባቢው ሰዓት የሚሰላው ሰው ሊያየው ሲፈልግ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ማሽኑ «እዚህ አካባቢ ዛሬ ሕጉ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በመጀመሪያ መልሱ ራሱ ፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፎ ነበር። በ1974 የነዳጅ ቀውስ ጊዜ አሜሪካ ጃንዋሪ 6 ቀን ሰዓቷን ገፋች፤ በቀጣዩም ዓመት በፌብሩዋሪ። በ1979 የወጣውን 7ኛውን የዩኒክስ እትም የሚያነብ ሰው ይህን ቀውስ እዚያው ያገኘዋል፦ ለሌሎቹ ዓመታት ሁሉ አንድ ደንብ፣ ለ1974 እና ለ1975 ብቻ ደግሞ ሁለት ልዩ መስመሮች። የአንድ ሀገር የነዳጅ እጥረት የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ይህ አሠራር ግን አደጋ ነበረው። ኮንግረስ ደንቡን በለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙ ራሱ እንደገና መጻፍ፣ እያንዳንዱ ማሽን ላይም እንደገና መጫን አለበት።

ያም ቀን መጣ። በ1986 የወጣ ሕግ የለውጡን መጀመሪያ ከኤፕሪል መጨረሻ ወደ ኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ አመጣው፤ ከ1987 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። መፍትሔው በዚያው ሰሞን ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ቤተዝዳ ከሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተነሣ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የተባለ የፕሮግራም ባለሙያ ደንቡን ከፕሮግራሙ ለየው። ፕሮግራሙ እንዳለ ይቆያል፤ ደንቡ ግን ማንም ሰው አንብቦ ሊያርመው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል። በየሀገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሀገራቸውን ሕግ ይልካሉ፣ ከመዛግብት ጋር ያመሳክራሉ፣ ፋይሉ ይታደሳል፣ ማንም በነፃ ይወስደዋል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ፖል ኤገርት ደግሞ እያንዳንዱን አካባቢ በአህጉርና በከተማ ስም መሰየምን አመጣ፦ አሜሪካ/ኒውዮርክ፣ አፍሪካ/አዲስ አበባ። ሀገር ይከፈላል፣ ድንበር ይቀያየራል፤ ከተማ ግን ባለበት ይቆያል።

ይህ ዳታቤዝ የታሪክ መዝገብም ነው። የአዲስ አበባ መስመር ከተማዋ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚቀድም የራሷ ሰዓት እንደነበራት፣ ይህም እስከ ሜይ 5 ቀን 1936 እንደቆየ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሙሉ 3 ሰዓት እንደዞረ ይናገራል። ያ ቀን በሀገራችን አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሺስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። ዋና ከተማዋ የተያዘችበትን ቀን የያዘውን ይህን መስመር የጻፉት በፈቃዳቸው ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ናቸው።

ማይክሮሶፍት በሌላ መንገድ ሄደ። ዊንዶውስ የራሱን ሰንጠረዥ ያዘ፤ ለእያንዳንዱ የሰዓት ክልል አንድ መጀመሪያ፣ አንድ መጨረሻ። ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ማሽኑ ሰዓቱን በራሱ እየቀየረ ለባለቤቱ በትንሽ መስኮት ይነግረው ነበር። የአሜሪካ ደንብ ከ1987 በኋላ ለ20 ዓመታት ያህል ስላልተነካ አንድ ደንብ በቂ መሰለ። የቪዲዮ ማጫወቻ፣ የራስጌ ደወል ሰዓትና የቢሮ ስልክ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም «የኤፕሪል የመጀመሪያ እሑድ» የሚለውን ደንብ ቺፑ ውስጥ አትመው ሸጡ። ያን ቺፕ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ኦገስት 8 ቀን 2005 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ የኢነርጂ ፖሊሲ ሕጉን ፈረሙ። ከብዙ ገጾች መካከል የሰዓቱ አንቀጽ ትንሽ ነበር። የኮንግረስ አባላቱ የሚሺጋኑ ፍሬድ አፕተንና የማሳቹሴትሱ ኤድዋርድ ማርኪ ያመጡት ሐሳብ መጀመሪያ ሁለት ወር ለመጨመር ያለመ ነበር። አየር መንገዶች በረራቸው ከአውሮፓ ጋር እንደሚዛባ አመለከቱ፤ በድርድር ጭማሪው ወደ አራት ሳምንት ገደማ ወረደ። ከ2007 ጀምሮ ለውጡ በማርች ሁለተኛ እሑድ ይጀምራል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ያበቃል። አብዛኞቹ የካናዳ ክፍለ ግዛቶችም ከጎረቤታቸው ላለመለየት ተከተሉ።

ከፊርማው እስከ መጀመሪያው ለውጥ 19 ወር ነበር። የኦልሰን ዳታቤዝ አዲሱን ደንብ ቀድሞ ያዘ። ደንቡ በፋይሉ ውስጥ የተጻፈበት መንገድ ቀልብ ይስባል፦ «ሁለተኛው እሑድ» አይልም፤ «ከማርች 8 ጀምሮ መጀመሪያ የሚመጣው እሑድ» ይላል። ሁለተኛው እሑድ ከ8 በፊት ሊውል አይችልም፣ ከ14ም አያልፍም፤ ስለዚህ ይህች አጭር አነጋገር ለዘለዓለም ትሠራለች። ሕግ አውጪዎች የተከራከሩበት ሁሉ ለማሽን የሚነገረው በዚህ መጠን ተጨምቆ ነው።

በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ማሽኖች ላይ ማድረሱ ግን ሌላ ሥራ ነበር። ብዙ ድርጅቶችን የቀሰቀሳቸው የ2007 መባቻ ነው። ቪስታ የተባለው አዲሱ ዊንዶውስ ጃንዋሪ 30 ቀን ለሕዝብ ሲቀርብ አዲሱን ደንብ ይዞ ወጣ። አብዛኛው ሰው ይሠራበት ለነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ማስተካከያው በራሱ አፕዴት የደረሰው ፌብሩዋሪ 13 ቀን ነው፤ ለውጡ አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው። ዊንዶውስ 2000 ደግሞ የመደበኛ ድጋፍ ጊዜው አልፎ ነበርና ነፃ ማስተካከያ አልመጣለትም። በእርሱ በሚሠሩ ቢሮዎች የአይቲ ባለሙያዎች ሰንጠረዡን በእጃቸው ማረም ያዙ። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም የራሱ የሰዓት ሰንጠረዥ ስለነበረው ዊንዶውሱ ቢታረምም በጃቫ የተሠራው ፕሮግራም በአሮጌው ደንብ ይቀጥላል። ሰርቨሩ፣ የስልክ ማዞሪያው፣ ብላክቤሪ የተባለው ስልክ እያንዳንዱ ለብቻው መታረም ነበረበት።

ከሁሉ የከፋው የካሌንደሩ ነገር ነው። አንድ የዋሽንግተን ሠራተኛ በጃንዋሪ ተቀምጦ ለማክሰኞ ማርች 20 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ ይዟል እንበል። ካሌንደሩ ይህን ሰዓት የሚያስቀምጠው ወደ ግሪንዊች ሰዓት መልሶ ነው። ያልታረመው ማሽን ማርች 20 ገና መደበኛው ሰዓት መስሎት አምስት ሰዓት ደምሮ መዘገበ። በፌብሩዋሪ ማስተካከያው ተጫነ። አሁን ማሽኑ ማርች 20 በበጋው ሰዓት ውስጥ እንደሆነ ያውቃል፤ የሚቀንሰው ግን አራት ሰዓት ብቻ ነው። ስብሰባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ማሽኑ አልተበላሸም፤ በተነገረው መሠረት በትክክል አስልቷል። ስብሰባው የተያዘው በአሮጌው ሕግ፣ የሚነበበው በአዲሱ ነው።

ስለዚህ ማሽኑን ማረም ብቻውን አይበቃም፤ በማርች 11 እና በኤፕሪል 1 መካከል የሚውሉ ቀጠሮዎችን አንድ በአንድ ማዛወር ያስፈልጋል። ይህም በቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ቀጥሎ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ካሌንደሩ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ትክክለኛው ቀጠሮ ተዛውሮ ስሕተት ይሆናል። ከዚህም በላይ ተጋባዦቹ ግማሾቹ የታረመ፣ ግማሾቹ ያልታረመ ማሽን ይዘዋል። የአይቲ ባለሙያዎች ለሠራተኛው የሰጡት ምክር ከሁሉ ቀላሉ ሆነ፦ የስብሰባውን ሰዓት በርዕሱ ላይ በጽሑፍ ጨምሩበት። ማሽኑ ማንኛውንም ቁጥር ያዛውር፤ በፊደል የተጻፈውን ግን አይነካም።

እሑድ ማርች 11 ቀን 2007 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን 9 ሰዓት ሆነ። ብዙዎች የፈሩት ታላቅ ትርምስ አልደረሰም። ያልደረሰው ግን ሥጋቱ ባዶ ስለነበረ አይደለም፤ በየቢሮው ሰዎች ለሳምንታት ስላመሹበት ነው። በጊዜው የተሠራ ሥራ ዕጣው ይህ ነው፤ ጥፋት ሲቀር ምስጋናም ይቀራል። እኔ ግን የዚያን ሰሞን ባለሙያዎች ማንም ሳያያቸው ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭንቀት ያዳኑ ሰዎች አድርጌ እቆጥራቸዋለሁ።

ቺፓቸው የማይታረም ዕቃዎች በበኩላቸው ደጋግመው አሳሳቱ። ማርች 11 አልተንቀሳቀሱምና ባለቤቶቻቸው በእጅ ገፉአቸው። ኤፕሪል 1 ሲደርስ ደግሞ አሮጌው ደንብ ነቅቶ አንድ ተጨማሪ ሰዓት ገፋቸው። በኦክቶበር 28 ያለ ጊዜያቸው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እውነተኛው ለውጥ ኖቬምበር 4 ነበር። ኤክስፒም የራሱ ጉድለት ነበረበት። ለአንድ ክልል አንድ ደንብ ብቻ ስለሚይዝ አዲሱን ሲቀበል አሮጌውን ረሳ፤ የማርች 2006 ቀጠሮ ወደ ኋላ ተመልሶ ያየ ሰው በአንድ ሰዓት ተዛውሮ ያገኘዋል። ለየዓመቱ የየራሱን ደንብ መያዝ የተቻለው ከቪስታ ጀምሮ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ተደከመ? የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በኦክቶበር 2008 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት፣ የተጨመሩት ሳምንታት በዓመት 1.3 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንዳዳኑ አሰላ፤ ይህም ሀገሪቱ በዓመት ከምትጠቀመው 0.03 በመቶ ነው። በዚያው ዓመት ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የኢንዲያና ክፍለ ግዛት በ2006 በሙሉ ወደ ሰዓት ለውጥ ስትገባ የሆነውን አጥንተው፣ የቤት ኤሌክትሪክ ፍጆታ ቀነሰ ሳይሆን አንድ በመቶ ገደማ ጨመረ አሉ። የመብራቱ ቁጠባ በማሞቂያውና በአየር ማቀዝቀዣው ተበላ።

ከዚያ በኋላ ሰዓት ከግድግዳ ወርዶ ኪስ ውስጥ ገባ። በ2010 መገባደጃ አውሮፓና አሜሪካ ሰዓታቸውን ሲመልሱ፣ በአይፎን ላይ በየቀኑ እንዲደወል የተሞላ ማንቂያ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ጮኸ፤ ብዙ ሰው ከሥራ አረፈደ። በ2011 ደግሞ የኮከብ ቆጠራ ሶፍትዌር የሚሸጥ አስትሮሌብ የተባለ ኩባንያ ኦልሰንንና ኤገርትን በቅጂ መብት ከሰሰ፤ ዳታቤዙም ለቀናት ከኢንተርኔት ወረደ። በየቀኑ ዓለም የሚጠቀምበት መዝገብ በሁለት ሰዎች ጫንቃ ላይ እንዳለ ያን ጊዜ ብዙዎች አወቁ። በኦክቶበር አይካን የተባለው የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው ድርጅት ኃላፊነቱን ተረከበ፤ ክሱ በፌብሩዋሪ 2012 ተነሣ።

ዳታቤዙ ቢተርፍም ሕግ አውጪዎች ልማዳቸውን አልተዉም። በ2015 ቱርክ ለምርጫ ስትል የክረምቱን ሰዓት ከኦክቶበር 25 ወደ ኖቬምበር 8 አሻገረች፤ ዜናው ያልደረሳቸው ስልኮች ግን በቀድሞው ቀን ተመለሱ። ሞሮኮ በ2018 ሰዓት ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው አይመለስም ብላ ወሰነች። ከሁሉም የባሰው በሊባኖስ ዋና ከተማ በቤይሩት ሆነ። ማርች 23 ቀን 2023 የሊባኖስ መንግሥት በረመዳን ምክንያት ለውጡን በአንድ ወር ገደማ አራዘመ፤ ለውጡ ሊገባ የቀረው ሁለት ሌሊት ነበር። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ የዜና ማሠራጫዎች አንቀበልም አሉ። በአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ የስልክ ኩባንያዎች ደንበኞቻቸው ሰዓታቸውን በእጅ እንዲሞሉ መከሩ። መንግሥት ከቀናት በኋላ ውሳኔውን ሽሮ ሰዓቱ ማርች 29 ሌሊት ተለወጠ። በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያት ይሠራሉ። ሊባኖስ በበጋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ናት፣ በክረምት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በእነዚያ ቀናት ግን ከቤተሰብ ጋር የስልክ ቀጠሮ ያላት ሴት በየትኛው ሰዓት እንደምትቆጥር ሀገሪቱ ራሷ አልወሰነችላትም።

ዛሬ የቴክኒኩ ነገር በእጅጉ ተሻሽሏል። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10 ጀምሮ የሰዓት ደንቡ የስልኩን ሲስተም ሙሉ በሙሉ ማደስ ሳያስፈልግ ለብቻው መታደስ ይችላል። የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 ለውጡ ይቅር ብሎ ድምፅ ቢሰጥም አባል መንግሥታት አልተስማሙም፤ የአሜሪካ ሴኔትም በማርች 2022 የበጋው ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ይሁን ሲል ያሳለፈው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ሳይጸድቅ ቀረ። ስለዚህ ዝግጅቱ ይቀጥላል፦ ስልኩና ኮምፒውተሩ አፕዴት ተደርገው መቆየታቸው፣ የመኪናውና የማይክሮዌቩ ሰዓት በእጅ መስተካከሉ። ከዋሽንግተን ሆኖ አዲስ አበባ የሚደውል ሰው ደግሞ ልዩነቱ በዋሽንግተን ክረምት 8፣ በዋሽንግተን በጋ 7 ሰዓት መሆኑን ማሰብና የጋራ ቀጠሮውን ሰዓቷ በማይለወጠው በአዲስ አበባ መያዝ ይበጀዋል።

ከመቶ ዓመቱ ታሪክ የምወስደው ግን ከዚህ ይሰፋል። ሰዓት ሕግ ነው፤ ማሽን ሕጉን ከሰው ካልሰማ አያውቀውም፤ መስማትም ጊዜ ይወስዳል። 19 ወር የተሰጣቸው አሜሪካውያን በጭንቅ ደረሱ፤ ሁለት ቀን የተሰጣት ቤይሩት ለሁለት ተከፈለች። ልዩነቱ የቴክኖሎጂ አይደለም፤ የማስታወቂያ ጊዜ ነው። የሕዝቡን ሰዓት ለመለወጥ ሥልጣን ያለው መንግሥት ለውጡን ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ የማሳወቅ ግዴታም ሊኖርበት ይገባል፤ ይህም በራሱ በሰዓቱ ሕግ ውስጥ መጻፍ አለበት።